የደላንታ ኦፓል በክር ላይ

የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ዶቃው የሚበሳበት፣ የሚሰካበት፣ የሚለበስበትና የሚቀመጥበት መንገድ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ጠባዩ ነው። ይህን ያላወቀ ሠሪ እጁ የቱንም ያህል ቢሰላ ድንጋዩን ማበላሸቱ አይቀርም።

ድንጋዩ የሚወጣው በወሎ፣ በደላንታ፣ ከወገል ጤና አካባቢ ገደላማ ተራሮች ነው። የዓለም ገበያ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። ኦፓሉን የያዘው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ንጣፍ ሲሆን ቆፋሪዎች ይህን ስስ ንጣፍ ተከትለው በገደሉ ወገብ እየፈለፈሉ ይገባሉ። ከወሎው ድንጋይ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ፣ የወጣው ኦፓል በአብዛኛው ቡናማ ነበር፤ ይሰነጠቃል የሚል ስም ስለወጣለትም ገበያው አልደራለትም። ያ ስም በወሎው ድንጋይ ላይ መለጠፉ አግባብ አይደለም።

የኦፓል ቀለም ማቅለሚያ የሰጠው አይደለም። በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃኑን ከፋፍለው አረንጓዴ፣ ቀይና ብርቱካናማ አድርገው ይመልሱታል፤ ይህንንም በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። በወሎው ድንጋይ ውስጥ ከዚህ ሌላ እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። ውሃ ሲያገኘው አየሩ ወጥቶ ውሃው ይተካል፤ ድንጋዩ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፤ ቀለሙም ብዙውን ጊዜ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ሲደርቅ ይመለሳል።

ለሙያው አዲስ የሆነ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሐብሉ ታጥቦ ቀለሙ ከጠፋ ሐሰተኛ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ፕላስቲክም ሆነ ብርጭቆ ውሃ አይጠጣም፤ ደረቅ የወሎ ኦፓል ግን ምላስ ጫፍ ላይ ሲያኖሩት ይጣበቃል። የረጠበውን ዶቃ ደረቅ ጨርቅ ላይ አሳርፎ ለቀናት፣ ትልቅ ከሆነም ለሳምንታት መተው ይገባል። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ያሰነጥቀዋል።

ንጹሕ ውሃ ገብቶ ይወጣል፤ ቅባት ግን ገብቶ ይቀራል። የፀጉር ቅቤ፣ ሽቶ፣ ሎሽንና ሳሙና በቀዳዳዎቹ ውስጥ እየተጠራቀሙ ዶቃውን ቢጫ ያደርጉታል። ጢስም እንዲሁ ይገባል፤ ጥቁር ኦፓል ተብለው ከሚሸጡት የወሎ ዶቃዎች ብዙዎቹ ሆን ተብሎ በጢስ የጠቆሩ ናቸው። ስለዚህ የወይባ ጢስ የምትሞቅ ሴት ሐብሏን አስቀድማ ታውልቅ።

ኦፓልን ውሃ ውስጥ ነክረው የሚያስቀምጡ ሻጮች አሉ። በአሜሪካ፣ ኔቫዳ፣ ከቨርጂን ቫሊ የሚወጣው ኦፓል ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ሰብሳቢዎቹ በውሃ ውስጥ ቢያኖሩት ምክንያት አላቸው። ለወሎው ድንጋይ ግን ይህ ልማድ ጥፋት ነው፦ ስንጥቁን ይሸሽጋል፣ ክብደቱንም ይጨምራል። በግራም የሚገዛ ሰው የውሃውን ዋጋ ይከፍላል። እርጥብ ኦፓል አይገዛም።

ከጥሬው ድንጋይ ብዙው ወደ ህንድ፣ ወደ ጃይፑር ሄዶ እዚያ ዶቃ ይሆናል። ጥሩ በሺ ከሁለቱም ጫፍ ጀምሮ ቀዳዳውን መሐል ላይ ያገናኛል፤ ከአንድ ወገን ብቻ የተበሳ ዶቃ መውጫው ይሸረፋል።

በሠሪዎች ዘንድ ክርክር የሚበረታው ዶቃው ሲሰካ ነው። ብዙ ሠሪዎች የብረት ሽቦ አስገብተው ጫፉን በተጨመቀ ቱቦ ያስሩታል፤ ፈጣን ነው፣ አይበጠስምም ይላሉ። ሽቦው በቀላሉ አለመበጠሱ እውነት ነው፤ ዶቃውን ግን ይጎዳዋል። የቀዳዳውን ጠርዝ እያንኳኳ ይሸርፈዋል፤ ቋጠሮ የሌላቸው ዶቃዎችም እርስ በርስ ይፋተጋሉ። የኦፓል ጥንካሬ በሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7 ስለሆነ በዶቃዎቹ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይሠራል።

ትክክለኛው አሰካክ የሐር ክር ነው፤ በየዶቃው መካከልም ቋጠሮ። ቋጠሮው ዶቃን ከዶቃ ያርቃል፤ ሐብሉ ቢበጠስም አንድ ዶቃ ይወድቃል እንጂ ሁሉም አይበተንም። ክሩ ልል ሆኖ ሲቋጠር መርፌ በቋጠሮው መሐል ይገባና እስከ ዶቃው አፍ ይገፋዋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሐብሉ ይገተራል፣ አንገት ላይ አይተኛም፤ ከላላም ክሩ በየመካከሉ ይታያል። ልኩን የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው፤ ይህም ከዓመታት ልምምድ ይመጣል። ኦፓል ሙጫም ስለሚጠጣ፣ የመጨረሻው ቋጠሮ ሙጫ ካስፈለገው ከመቆለፊያው አጠገብ የብር ዶቃ ገብቶ ሙጫው እዚያው ይቅር።

ስለ ኦፓል የሚነገረው ብዙ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ፣ ኖኒየስ የተባለ የምክር ቤት አባል ኦፓሉን ለማርክ አንቶኒ ከመስጠት ስደትን እንደመረጠ ጽፏል። ድንጋዩ መጥፎ ዕድል ያመጣል የሚለው እምነት በአውሮፓ የተስፋፋው ግን በደራሲው ዋልተር ስኮት አንድ ልብ ወለድ ሳቢያ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1829 በወጣው በዚህ መጽሐፍ፣ በአንዲት ሴት ፀጉር ላይ ያለ ኦፓል የጠበል ጠብታ ሲያርፍበት ቀለሙን ያጣል፤ ሴትዮዋም ትጠፋለች። ውሃ ነክቶት የሚደበዝዝ ኦፓል በእጁ የያዘ ሠሪ በዚህ ትረካ የሚያየው እርግማን ሳይሆን የድንጋዩን ተፈጥሮ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐብሉን ቢያወልቅ ከዚህ የተነሣ ብቻ ነው።

የቆየ ሐብል መልሶ የሚሰካ ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን የሙያውን ደስታ ያገኛል። ዶቃዎቹ የለባሿን ኑሮ ይዘው ይመጣሉ፤ ይበልጥ ቢጫ የሆኑት በማጅራት በኩል ያሉት ናቸው፣ ቅቤና ላብ ያገኛቸዋልና። አስተዋይ ሠሪ ሊያነጣቸው አይሞክርም፤ በነበሩበት ተራ መልሶ ይሰካቸዋል።

ሐር እያደር ይላላል። በዶቃውና በቋጠሮው መካከል ክፍተት የታየ ዕለት ሐብሉ ለሠሪው ይሰጥ፤ እስኪበጠስ አይጠበቅ።