ከአውሬው ይልቅ ምስክሮቹ

ብሩታዊትን ሊውጥ ከውሃ የወጣውን ደራጎን ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር ሲወጋው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ የስኮትላንዱ የሎክ ኔስ አውሬ ለእኛ እንግዳ ወሬ አይደለም። እዚያም ቢሆን ነገሩ ከገድል ይነሣል፤ በ7ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ግድም የተጻፈው የቅዱስ ኮሎምባ ገድል፣ ጻድቁ በኔስ ወንዝ ያገኙትን አውሬ በመስቀል ምልክት እንዳባረሩት ይተርካል።

በ1957 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) «ከአፈ ታሪክ በላይ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጠችውን መጽሐፍ ያሳተመችው ኮንስታንስ ዋይት ሐኪም እንጂ የታሪክ ሊቅ አልነበረችም። ባሏ በሐይቁ የሚያልፈው የካሌዶኒያ ቦይ ሥራ አስኪያጅ ስለነበር የአገሬውን ሰው በቅርብ ታውቀዋለች። አውሬ አየን በማለታቸው መሳቂያ የሆኑ ጎረቤቶቿን ስም ለማደስ ተነሣች፤ ቃላቸውንም ሰበሰበች። የመጽሐፉ ክብር ይህ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ሰውየው አልዋሸም ማለት ዓይኑ አልተሳሳተም ማለት አይደለም። ወሬው በዓለም የተናኘው በ1933 ነው። በዚያው ዓመት በሐይቁ ዳር አዲስ መንገድ ተከፍቷል፤ ኪንግ ኮንግም በየሲኒማ ቤቱ ይታይ ነበር። ለአንድ የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊ ከአውሬው ይልቅ የሚያጓጓው ይህ ግጥጥሞሽ በሆነ ነበር። የ1934ቱ ዝነኛ ፎቶግራፍ አሻንጉሊት ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተተከለ አንገት እንደነበር በ1994 ተጋለጠ። በ2018 ከሐይቁ ውሃ ተቀድቶ ዘረ መሉ ሲመረመር የተገኘው የእባብ መሰሉ ዓሣ፣ የኢል፣ ዘር ነው፤ ግዙፍ ተሳቢ እንስሳ ግን የለም።

ይሁን እንጂ ሊቃውንቱም ይስታሉ። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ለያይቶ የመዘገባቸውን የጣና ባርበስ ዓሣዎች፣ በ1973 ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ናገልከርከና ባልደረቦቹ ጀልባ ላይ ወጥተው ቢያዩ 14 ዓይነት ለዩ። «የለም» የተባለው ዓሣ በየገበያው ይሸጥ ነበር ማለት ነው! ዕድሜውን በመረብ ያሳለፈ ሽማግሌ ቢጠየቅ ኖሮ ክርክሩ ባጠረ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ብሔራዊው የዓሣና የሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለው እዚሁ ሰበታ ነው። ከቡራዩ ወዲያ ደግሞ ገፈርሳ አለ፤ አዲስ አበባ የምትጠጣው፣ ግድብ የወለደው ሐይቅ። ዓሣውን የሚመዘግብ አለን። ውሃው ሸለቆውን ሳይሞላው በፊት በዚያ ማን ያርስ፣ ማን ከብት ያጠጣ እንደነበር፣ ኋላም ስለ ጥልቁ ምን እንደተወራ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሽማግሌዎች አፍ የሚጽፍ ሐኪም፣ መምህር ወይም ጡረተኛ ግን እንፈልጋለን። አውሬ ባያገኝም አናዝንበትም።