በሶና ጩቤ፦ ስለ መጀመሪያው ንባባችን የቀረበ አጭር ሂስ

ስለ ልብ ወለድና ስለ ግጥም በዚህች መጽሔት ብዙ ተብሏል። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያልተከራከረ የለም። ይሁን እንጂ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል በፊት ሁላችንም የተዋወቅናቸው ሁለት ገጸ ባሕርያት አሉ፤ ሂስ የጻፈባቸው ሰው ግን አላጋጠመኝም። አንደኛው አበበ ነው፤ በሶውን ይበላል። ሁለተኛው ጫላ ነው፤ ጩቤውን ይዟል። ፊደል ስንቆጥር በቃላችን የገቡ፣ እስከ ዛሬም ያልወጡ ናቸው። ታዲያ ስለ እነርሱ ለምን ዝም አልን? «የልጅ ነገር ነው» ብለን ይሆናል። እኔ ግን የሕዝብ ንባብ የሚባል ነገር ካለ ከዚህ የበለጠ የተነበበ የለም እላለሁ።

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዶርም ጓደኛዬ ስም ከሁለተኛው ልጅ ስም ጋር አንድ ነው። ባለፈው ሰሞን እራት በልተን ስንመለስ አንዱ በጨዋታ መካከል «ጩቤህን አስቀምጥና ና» አለው። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ስቄአለሁ። እሱም ሳቀ። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ግን «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እኮ ነው» አለኝ። ያቺ ገጽ በተነበበች ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየው ነበር። ስሙ በኦሮምኛ «የሚበልጥ፣ የተሻለ» ማለት መሆኑን የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር አልጠየቅኩትም።

ወደ ሂሱ ልግባ። የጽሑፉ ብልሃት ግልጽ ነው፤ አንድን የፊደል ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ ማሰማት። ልጁ ድምፁንና ቅርጹን እንዲያገናኝ ይረዳዋል፤ ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም። በ«ጨ» ቤት የሚጀምር የሰው ስም በአማርኛ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ደራሲው ከኦሮምኛ የተበደረ ይመስለኛል። እስከዚህ ጥሩ ነው። እንዲያውም የሌላው ብሔረሰብ ልጅ በመማሪያው ገጽ ላይ ብቅ ማለቱ ደግ ነገር ነበር። ግን ምን ይዞ ገባ? እንግዳው በሩ ላይ ሲደርስ እጁ ላይ ስለት ሰጡት።

«ፊደሉ አስገድዶት ነው» የሚለኝ ጓደኛ አለ። እንዴ! የ«ጨ» ቤት እኮ ደሃ አይደለም። ጨው አለ፣ ጨረቃ አለች፣ ጫማ አለ፣ ጫካ፣ ጨዋታ፣ ጭልፋ፣ ጫጩት አለ። ጫላ ጫጩት ቢያቅፍ ፊደሉ ምን ይጎድልበት ነበር? ደራሲው ክፉ አስቦ ነው አልልም። ሳያስብ መጻፉ ነው የሚያሳስበኝ፤ ሰው ሳያስብ እጁ የሚገባው ቅርብ ካስቀመጠው ዕቃ ላይ ነውና።

ከጩቤው የባሰው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ልጆች አይገናኙም። አበበ ብቻውን ይበላል፣ ጫላ ብቻውን ይቆማል። እኛ አገር ሰው እየበላ ሌላ ሰው ብቅ ሲል «እንብላ» ይባላል፤ አለማለት ነውር ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ግን «እንብላ» አያውቅም። እንግዲህ ይህ ነው የመጀመሪያው የአብሮ መኖር ትምህርታችን!

አንዳንዱ «መፍትሔው ተገኝቷል፤ እያንዳንዱ በቋንቋው ይማራል» ይል ይሆናል። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑን አልክድም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ሲያደርግ፣ ብዙ ልጅ የማያውቀውን ፊደል በማያውቀው ቋንቋ እንዲቆጥር ተፈርዶበት ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግእዝ ፊደል፣ አስተማረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገው። ልጅ የሚያነበው ቃል በጆሮው ቀድሞ የሚያውቀው ሲሆን ንባቡ ይቀለዋል፤ ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። «አለ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። «ተናገረ» ነው ወይስ «ይገኛል»? ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን አያሳይም፤ የሚያሳየው ቋንቋው ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ በምኑ ይለየዋል?

ነገር ግን ሁለት ጥያቄ ይቀራል። አንደኛ፣ ቋንቋው የራስ መሆኑ ብቻውን አያስነብብም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማዜም ማንበብ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤቱ የኔታ ይህን ያውቁ ነበር። ልጁ «ሀ ሁ»ን በዜማ ሲወጣው፣ በቃሉ ይዞ እንዳያታልላቸው ቅደም ተከተሉን አፍርሰው «አቡጊዳ» ያስቆጥሩት ነበር። የኔታን ኋላ ቀር ብለን የምንስቅባቸው እኛ ይህችን ብልሃት ከየት እናመጣታለን?

ሁለተኛ፣ በየቋንቋችን ስንማር ማን ከማን ጋር በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛል? አበበ በአማርኛው መጽሐፍ፣ ጫላ በኦሮምኛው ቢቀሩ ጩቤው ተወሰደ እንጂ በሶው አልተካፈለም። እኔ የምለው፣ ልጅ ሁሉ በቋንቋው ፊደል ይቁጠር፤ ግን በየመጽሐፉ ውስጥ የጎረቤቱ ልጅ በስሙ፣ ከነስሙ ትርጉም፣ አንድ ነገር አብሮት እየሠራ ይምጣ። ይህን ለመጻፍ ገንዘብም አዋጅም አያስፈልግም፤ የሚያስብ ደራሲ ይበቃል። እዚህ ግቢ ውስጥ ልብ ወለድ የምንሞክር ሁሉ አንድ አንድ ገጽ የልጆች ንባብ ብንሞክር ጥሩ ነበር። ከመሰለን በላይ ከባድ ነው፤ እኔ ሞክሬ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ለዶርም ጓደኛዬ አነበብኩለት። ስለ ስሙ እንድጽፍ ፈቀደልኝ። የጫጩቷ ነገር ግን አልተዋጠለትም። «ጫጩቷን ተዋት» አለኝ፤ «በሶውን ብቻ ያካፍለኝ።»