ለሥራው የምትበቃዋን መምረጥ

ራስበሪ ፓይ የተባለችውን ትንሽ ኮምፒውተር የምወዳት በርካሽነቷ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር ለገበያ ስትቀርብ ፈጣሪዎቿ ኤበን አፕተንና የካምብሪጅ ባልደረቦቹ ያሰቡት ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩባት ነበር። ነጋዴው ግን ቶሎ ወደዳት። የካፌ የምግብ ዝርዝር ስክሪን ላይ ታሳያለች፣ የመጋዘን መዝገብ ትይዛለች፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣን ሙቀት ትከታተላለች።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ምርጫው ነው፤ ለሥራው የምትበቃዋን ትንሿን ፈልጎ ማግኘት። ሙቀት ለመመዝገብ በ15 ዶላር የወጣችው ዜሮ 2 ደብሊው የተባለችው ሞዴል፣ ከነ512 ሜጋባይት ሜሞሪዋ፣ በቂ ናት፤ ከዚያ በላይ መክፈል ብክነት ነው። ሁለት ስክሪን ለማሠራት ፓይ 4 ትሻላለች፣ ሁለት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ አላትና።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ላለ ሱቅ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ከፓይ 5 በፊት የነበሩት ዋና ሞዴሎች ኃይል ሲቋረጥ ሰዓት የሚጠብቅ ክፍል የላቸውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓታቸው ይዛባል፤ የሽያጭ መዝገቡም አብሮ ይዛባል። ፓይ 5 ላይ ይህ ተስተካክሏል፣ ባትሪው ለብቻው ቢገዛም። ሶፍትዌሯ የሚቀመጥበት ሜሞሪ ካርድም እየተጻፈበት ኃይል ቢቋረጥ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከፍጥነት በፊት ስለ ባትሪ፣ ስለ ደህና ቻርጀር፣ በካርዱ ምትክ ስለሚሠራ ኤስኤስዲ የሚጠይቅ ባለሱቅ ሳይ ከልቤ አደንቃለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ካርዱ ቢበላሽ እንኳ ቀድሞ የተቀዳ መጠባበቂያ ካርድ ሰክቶ በደቂቃዎች ውስጥ ደንበኛ ማስተናገድ ይቻላል።