ሻምና የመን፦ የግራና የቀኝ አገሮች

ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ሻም» የሚለውን ስም ባገኘ ቁጥር «ሶርያ» ብሎ ማለፍ ይቀለዋል። አንባቢ የሚያውቀው ስም ነውና ችግር ያለው አይመስልም። ይሁንና ይህ አተረጓጎም የስሙን ምሥጢርም የአገሩን ስፋትም ያጎድላል።

የጥንቱ ዐረብ አቅጣጫ የሚለየው ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ ነበር። እንዲህ ሆኖ በሒጃዝ ለቆመ ሰው ሰሜን በግራው፣ ደቡብ በቀኙ ይውላል። ስለዚህ የግራው አገር ሻም፣ የቀኙ የመን ተባለ። ሻምን ከኖኅ ልጅ ከሴም ጋር የሚያያይዝ ትውፊት ቢኖርም፣ ሁለቱ ስሞች ጥንድ ሆነው መቆማቸው ለግራና ቀኙ ትርጉም ይመሰክራል። ይህ ለግዕዝ አዋቂ እንግዳ አይደለም፤ በግዕዝም «የማን» ማለት ቀኝ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዐፄ ካሌብም በድንጋይ ካስቀረጻቸው የማዕረግ ስሞቹ መካከል «የመነት» ይገኛል።

በዐረብኛ ከቀኝ ሥር መልካም ዕድል፣ ከግራ ሥር መጥፎ ዕድል የሚሉ ቃላትም ይወጣሉ። ከዚህ ተነሥቶ ሻምን የተረገመ አገር ማለት ግን ስሕተት ነው፤ ስሙ አቅጣጫ እንጂ እርግማን አይደለም።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ሻም በጥንቱ አጠራር ከዛሬዋ ሶርያ ሌላ ሊባኖስን፣ ዮርዳኖስንና ፍልስጥኤምን ያቅፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ታጣቂ ቡድን ይህን ስም በመጠሪያው ውስጥ ባስገባ ጊዜ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ከፊሎቹ «ሶርያ»፣ ከፊሎቹ «ሌቫንት» አሉ። በአማርኛ ዜና የተለመደው «አይሲስ» የመጀመሪያውን ወገን የተከተለ ነው። በዚህም ቡድኑ የተመኘው ግዛት ከአንድ አገር ወሰን እንደሚያልፍ ከአንባቢ ተሰወረ። «ሌቫንት»ም ቢሆን ስፋቱን ይጠብቅ እንጂ የተመልካቹን ቦታ ይለውጣል፤ የፀሐይ መውጫ ማለት ነውና ያንኑ ምድር ከአውሮጳ ሆኖ የሚያይ ስም ነው። ለሒጃዙ ነጋዴ ግራ የሆነው ለጣሊያኑ መርከበኛ ምሥራቅ ነው።

እንግዳ ስም አንባቢን ያደናግራል የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ በመጀመሪያው ቦታ የሚገባ አንድ የማብራሪያ ዐረፍተ ነገር ነው። ደግሞም ሶርያውያን በዕለት ንግግራቸው ደማስቆን ራሷን ሻም ይሏታልና፣ ተርጓሚው ዐውዱን ሊመረምር ይገባል። መንግሥቱ ሲሆን ሶርያ፣ ከተማዋ ስትሆን ደማስቆ፣ ሰፊው ምድር ሲሆን ግን ሻም ሊባል ይገባዋል። የቦታ ስም አገሩን ብቻ ሳይሆን ስም አውጪው የቆመበትን ስፍራ ይናገራል፤ ስሙን የሚለውጥ ተርጓሚም ያንን ሰው ከቆመበት ያነሣዋል።