በኅብረት የሚሰጥ መልስ ለጠያቂው ምን ይጠቅመዋል?

አንባቢ ከቤቱ ሳይወጣ ጥያቄውን በኢንተርኔት ልኮ ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መልስ የሚቀበልበት አገልግሎት በውጭ አገር ከተጀመረ ቈይቷል። በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍትና ኦ.ሲ.ኤል.ሲ. የተባለው ድርጅት «ኩዌስሽን ፖይንት»ን ሲያቋቁሙ፣ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ያልቻለውን ጥያቄ ሌላው እንዲመልሰው ነበር። በዚያ የሚተባበሩት ባለሙያዎች ነበሩ። በእኛ ተማሪዎች ዘንድ ግን የሚተባበሩት ራሳቸው ጠያቂዎቹ ናቸው፤ ጥያቄው በቴሌግራም ቡድን ይቀርባል፣ መልሱም በጉግል ዶክስ ላይ በብዙ እጅ ይጻፋል።

ጥቅሙን አንክድም። በአቃቂ የሚኖር ተማሪ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ከተማውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ማቋረጥ አለበት። ለአንዲት ገጽ ይህን ያህል ከመድከም፣ ገጹን ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚልክ ጓደኛ ማግኘት ትልቅ ዕርዳታ ነው።

ይሁን እንጂ ጒዳቱም ሊመረመር ይገባል። አንዱ «ፍቅር እስከ መቃብር መቼ ታተመ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አንዱ 1958፣ ሌላው 1966 ይለዋል። የፊተኛው በእኛ፣ የኋለኛው በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዳሩ ግን አቈጣጠሩ ካልተጻፈ ቡድኑ የሚፈርደው በድምፅ ብልጫ ነው። 1966 ዓ.ም. ተብሎ ከተገለበጠ፣ ልብ ወለዱ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት የወጣ ይመስላል፤ በዚህ ላይ የተመሠረተ ሒስም ሁሉ ከሥሩ ይበላሻል። የደራሲውም ስም አንድ ጊዜ በ«ሐ»፣ አንድ ጊዜ በ«ሀ» ስለሚጻፍ፣ አንዱን ብቻ የፈለገ ሰው መጽሐፉ የለም ሊል ይችላል።

ባለሙያው ግን መልስ ከመስጠቱ በፊት መልሶ ይጠይቃል፦ በየትኛው አቈጣጠር? የርእሱን ገጽ አይተሃል? ለምን ጉዳይ ነው የፈለግኸው? በእኛ አስተያየት የአገልግሎቱ ፍሬ ይህ መልሶ መጠየቅ ነው። ጠያቂው በዚህ መንገድ ፍለጋን ይማራል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌግራም ለወራት ተገድቦ እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ቡድኑን እንጂ የፍለጋውን መንገድ የማያውቅ ተማሪ እንዲህ ባለ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለዚህ ቡድኑ ይፍረስ አንልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏልና፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከቡድኑ ይግባ፤ እያንዳንዱም መልስ የመጽሐፉን ስም፣ ገጹንና አቈጣጠሩን ይዞ ይቅረብ። ይህ ካልሆነ በብዙ እጅ የተጻፈው መልስ ኀላፊ የሌለው ሆኖ ይቀራል።