የበዓል ጉንጉን አመራረጥ

በራያ ቆላ ቤት ለበዓል የሚያጌጠው በአብዛኛው ብዙ ገንዘብ በማይጠይቅ ነገር ነው፤ ከውሃ ዳር በሚታጨድ ቄጠማ፣ ከማሳ ድንበር በሚነቀል ሳር፣ ከደጋው በሚወርድ አደይ አበባ። ቆቦ፣ ዋጃና አላማጣ የተቀመጡበት ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ያለ ሞቃት አገር ስለሆነ፣ ጠዋት የለመለመው ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። ስለዚህ የጉንጉን ሥራን የሚመዝን ሰው በልምላሜው ብቻ አይፈርድም። ትኩስ ሳር የማንንም እጅ ያሳምራል፤ የባለሙያዋ እጅ የሚለየው ሳሩ ሲደርቅ ነው። እርጥብ ሳር ውሃው ሲተን ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ደግሞ ጠብቆ የነበረው ጉንጉን ይላላል። ይህን የምታውቅ ሴት ሳሩን እንዳጨደች አትጎነጉነውም። ጥላ ሥር ጥቂት ሰዓት አቆይታ፣ ለዘብ ሲልና ሲታጠፍ የማይሰበር ሲሆን ትጀምራለች።

የሳር ጉንጉን የሚደምቀው የፍልሰታ ጾም ከሚፈታበት ከነሐሴ 16 ጀምሮ ነው። በራያ ቆቦ ሶለል፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በትግራይ አሸንዳ በሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ ረጅም ለምለም ሳር ከላይ ተጎንጉኖ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ከታች ይንዠረገጋል። በጎጃም ደግሞ ልጃገረዶች በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫ የሚባል ሳር ነቅለው ይጎነጉኑና በማግሥቱ በቤተሰቡ ራስ ላይ፣ በቤቱም ምሰሶ ላይ ያስሩታል። አንዱ ለወገብ፣ ሌላው ለራስና ለምሰሶ ቢሆንም ምርመራቸው አንድ ነው።

መጀመሪያ ጉንጉኑን በሁለት እጅ ይዞ ቀስ አድርጎ ማጠፍ ነው። በእጥፋቱ ላይ በዘለላዎቹ መካከል ብርሃን ከታየ ሥራው ልል ነው። ቀጥሎ የሚታየው ቅጥያው ነው፤ ብዙ ገዢ የማያየው፣ አዋቂ ግን አስቀድሞ የሚፈልገው ቦታ ይህ ነው። አንድ ዘለላ ሳር ለጉንጉኑ ርዝመት ስለማይበቃ ጉንጉኑ በሄደ ቁጥር አዲስ ዘለላ ይጨመርበታል። ጥሩ ጎንጓኝ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን ጥቂት አለፍ ብላ ታስገባለች፤ ውፍረቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሆኖ ይዘልቃል። የቸኮለችው ሦስቱን ባንድ ቦታ ትከታለች። እዚያ ላይ እብጠት ይወጣል፣ ጉንጉኑ ሲበጠስም የሚበጠሰው ከዚያው ነው። የወፍራሙና የቀጭኑ ጫፍ አቀማመጥም መታየት አለበት፤ ሁሉም ግንድ ወደ አንድ ወገን ከዞረ ክቡ አንድ ጎኑ ደልቦ ሌላው ከስቶ ይቀራል። ማሰሪያው ከራሱ ከሳሩ ቢሆን ይመረጣል። በፌስታል ቁራጭ የታሰረ ጉንጉን የቱንም ያህል ቢያምር ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፌስታሉ ላይ ነው።

አደይ አበባ ሌላ ዓይን ይፈልጋል። አበባው በቆላው ሜዳ ብዙም የሚገኝ ስላልሆነ ገበያ ሲደርስ መንገድ አድክሞታል። ዕድሜውን ለማወቅ የአበባውን መሐል በጣት መንካት ይበቃል፤ ቢጫ ብናኝ በብዛት ከያዘ ከፈነዳ ቆይቷል፣ መሐሉ ገና ጥብቅ ያለው ግን ገና ዕድሜ አለው። እቅፉ ሲፈታ ውስጡ እንደ ውጩ መሆን አለበት፤ የፈካውን ዳር ዳሩን ደርድሮ የረገፈውን መሐል መክተት የቆየ የሻጭ ብልሃት ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባው የግንዱ ክፍል ቅጠሉ ካልተመለመለ ውሃው ቶሎ ይሸታል።

ቄጠማን የሚያውቅ ሰው ግንዱን በሁለት ጣት ይዞ ያንከባልለዋል፤ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ጠንካራና ቀዝቃዛ ከሆነ በጠዋቱ የታጨደ ነው። በማጭድ የተቆረጠው ንጹሕ ነው፣ የተነቀለው ጭቃ ይዞ ይገባል። ጉዝጓዙ ስስ ሆኖ ወለሉን እኩል ሲሸፍን ያምራል። አብዝቶ መከመር ለጋስነት ይመስላል እንጂ የታችኛው ታፍኖ በማግሥቱ ይሻግታል።

የሆሳዕና ዘንባባም በጉንጉኑ ሕግ ይዳኛል። ከመሐል የወጣ፣ ገና ያልተዘረጋ ለጋ ቅጠል ለቀለበትና ለመስቀል ይስማማል፤ ያረጀው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ጫፉ በሥራው ውስጥ ተመልሶ ካልተደበቀ በሁለት ቀን ይፈታል።

በዓሉ ሲያልፍ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ስፌት ነው። በክረምት መውጫ የተለቀመ ስንደዶና አክርማ ደርቆ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በወስፌ ይሰፋል። ሰፌዱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ማየት ልሉን ከጥብቁ ይለያል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲያስቀምጡት ከተወዛወዘ ዙሮቹ እኩል አልተሳቡም። ቀለሙን በረጠበ ጣት ማሸት ነው፤ ጣት ላይ የሚቀር ቀለም ግድግዳም ላይ ይቀራል። ፊቱ ለማንም ያምራልና ዞር አድርጎ ጀርባውን ማየት ይገባል፤ የተቀጠለው ስንደዶ ጫፉ ተውጦ ጀርባው እንደ ፊቱ የለሰለሰ ከሆነ ዋጋ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።