ለጥቂት ያልተመሠረቱ ባንዶች፦ የከሸፉ ጥምረቶች በፕሮግረሲቭ ሮክ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ቦታ

የፕሮግረሲቭ ሮክ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የወጡትን አልበሞች ቅደም ተከተል ይዞ ነው። ሊመሠረቱ ጥቂት ሲቀራቸው የፈረሱት ስብስቦች ለአድናቂዎች ጨዋታ ይተዋሉ፤ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ተብሎ ይወራላቸውና ይታለፋሉ። በእኔ እምነት ይህ አያያዝ ሃያሲውን ጠቃሚ ማስረጃ ያሳጣዋል። ይሁንና የከሸፈ ጥምረት ክብደት መለካት ያለበት ትቶት ባለፈው ሙዚቃ እንጂ በአባላቱ ዝና አይደለም።

ለዚህ ዋናው ማሳያ «ኤክስ ዋይ ዚ» ነው። ሌድ ዜፕሊን ድራመሩ ጆን ቦንሃም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1980 ከሞተ በኋላ ተበተነ፤ «የስ» የተሰኘው ባንድም «ድራማ» ከተባለው አልበሙ በኋላ ፈረሰ። በ1981 የሌድ ዜፕሊኑ ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ ከየስ ቤዝ ተጫዋች ክሪስ ስኳየርና ከድራመሩ አለን ኋይት ጋር ልምምድ ጀመረ። የሙከራ ቅጂዎችም ተቀረጹ። ነገር ግን የሌድ ዜፕሊኑ ድምፃዊ ሮበርት ፕላንት አልገባበትም፤ የሁለቱ ወገን ማናጀሮችም አልተስማሙም፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሙዚቃው ግን አልቀረም። ፔጅ በ1986 «ዘ ፈርም» ከተባለው ባንዱ ጋር ባወጣው «ፎርቹን ሀንተር» ላይ ከልምምዱ ሐሳቦች ተጠቀመ። የስ በ1997 ያሳተመው፣ ከ18 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ማይንድ ድራይቭ»፣ እንዲሁም በ2001 የወጣው «ካን ዩ ኢማጂን» ከዚያው የመነጩ ናቸው። እንግዲህ ከአንድ የልምምድ ክፍል የወጣ ሐሳብ በፔጅ እጅ ጡንቻው የፈረጠመ የሮክ ዘፈን፣ በየስ እጅ ደግሞ ክፍል በክፍል የሚያድግ ረጅም ድርሰት ሆኗል ማለት ነው። በ«ማይንድ ድራይቭ» የስኳየር ቤዝና የኋይት ድራም ተቆላልፈው የሚጓዙበትን ክፍል ለይቶ ያዳመጠ ሰው፣ የጆን አንደርሰን ድምፅና የስቲቭ ሃው ጊታር ከመድረሳቸው በፊት ሙዚቃው ምን ያህል የከበደ እንደነበር ይገባዋል። ሥራውን ከየስ የኋለኛ ዘመን ድርሰቶች ሁሉ አስበልጬ የማየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለት ባንዶች በውስጡ ይታገላሉ።

«ኤክስ ዋይ ዚ» ከከሸፈ በኋላ ስኳየርና ኋይት በ1982 ከጊታሪስቱ ትሬቨር ራቢንና ከኪቦርድ ተጫዋቹ ቶኒ ኬይ ጋር «ሲኒማ» የተባለ ባንድ አቋቋሙ። አንደርሰን በ1983 ሲቀላቀላቸው የየስን ስም መልሰው ያዙ፤ «ሲኒማ» በራሱ ስም አንድም አልበም ሳያወጣ ቀረ።

የኪንግ ክሪምሰን ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ድምፃዊው ጎርደን ሃስኬል «ሊዛርድ» የተሰኘው የ1970 አልበም ከተቀረጸ በኋላ ሲለቅ፣ ብራያን ፌሪ ለቦታው ተፈተነ። የባንዱ ጊታሪስት ሮበርት ፍሪፕና የግጥም ደራሲው ፒተር ሲንፊልድ ለባንዱ ባይመርጡትም ችሎታውን አልናቁም፤ የእነርሱን ሥራ ለሚመራው ለኢጂ ድርጅት አስተዋወቁት። የፌሪ ባንድ ሮክሲ ሚዩዚክ በ1972 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ፕሮዲውሰሩ ሲንፊልድ ነበር። የድምፃዊነቱን ቦታ ያገኘው ቦዝ በረል ደግሞ ቤዝ መጫወትን ከፍሪፕ ተማረ፤ በኋላም የባድ ካምፓኒ ቤዝ ተጫዋች ሆነ። አንድ የድምፅ ፈተና በሦስት ባንዶች ታሪክ ላይ አሻራውን አሳረፈ። ይህን በአጋጣሚነት ብቻ ማለፍ አይቻልም። የለንደን ሙዚቀኞች ከባንድ ወደ ባንድ የሚዘዋወሩበት መንገድ በጥቂት ማናጀሮች ቢሮ በኩል ያልፍ ስለነበር፣ የባንዶቹን አባላት የሚወስነው የሙዚቃ ስምምነት ብቻ አልነበረም።

ብዙ የተወራለት የጂሚ ሄንድሪክስና የኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር ጥምረት ግን በዚህ ሚዛን ሲታይ ቀላል ነው። ወሬውን ያናፈሰው የሄንድሪክስ ስም ነው። እሱ በ1970 ሞተ፤ አብረው የተጫወቱት፣ የሚደመጥ ነገር የለም። ሃያሲ የሚመረምረው ሙዚቃ ከሌለ ደግሞ ምኞትን መተንተን ሥራው አይደለም።

የ«ኤክስ ዋይ ዚ» የሙከራ ቅጂዎች እስካሁን የሚዘዋወሩት በሰብሳቢዎች እጅ፣ ጥራታቸው በወረደ ግልባጮች ነው። ስኳየር በ2015፣ ኋይት በ2022 አርፈዋል፤ ከሦስቱ በሕይወት ያለው ፔጅ ብቻ ነው። ባለመብቶቹ እርሱ ስለ ልምምዶቹ የሚያስታውሰውን ጨምረው ቅጂዎቹን በይፋ ሊያሳትሟቸው ይገባል።